በበሬ ውል የሸጥሁት የእናቴ ሳቅ

ይህ የሆነው አስረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ በቀረ በሁለተኛው ዓመት ነው። አገሩ ሁሉ በአንድ ለአምስት እየተደራጀ፣ ስብሰባ ከሩዝ አረም በላይ ሰው የሚያደክምበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ወረታ መገንጠያው አጠገብ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ከአዲስ አበባ በመምህርነት መጥቶ፣ ማስተማሩን ትቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ መታወቂያ እናሽጋለን፣ የሠርግ ጥሪ እንሠራለን። ከሁሉ የሚበዛው ግን ውል ነው። የቤት ውል፣ የመሬት ኪራይ ውል፣ በገበያ ቀን ደግሞ የበሬ ውል። የበሬ ውል ኮምፒውተሩ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ስምና የበሬውን መልክ ቀይሮ ማተም ብቻ ነው።

ሥራ ሲቀዘቅዝ እሥላለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ፎቶሾፕ የሚባለውን ፕሮግራም እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ጋሽ ደምሴ «መብራት አትጨርሺ» እያለ እየጮኸብኝ ነው የለመድሁት። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልወድ ሰው ነኝ። እዚያ ስክሪን ፊት ስሆን ግን ምሳም እረሳለሁ።

ወላጆቼ ቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች ናቸው። በዚያ ክረምት አረም ላግዝ ሄጄ ነበር። አባቴ ከማሳው ድንበር ላይ ቆሞ «እንዲህ አይዶለም የሚታረም፣ እንዲህ ነው» ብሎ ሊያሳየን ሲወርድ እግሩ ከዳውና በጀርባው ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ። ከጢሙ በቀር ነጭ ነገር አልቀረለትም። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። እናቴ ያኔ ስትስቅ በሙሉ አፏ ነበር፤ ጥርሷ አንድ የጎደለ የለውም። አባቴ ተነሥቶ እጁን ሲዘረጋላት፣ «ሳብ አርጊኝ፣ ደግሞ ትስቂያለሽ» ሲላት፣ በዚያች ደቂቃ በሞባይሌ አነሣኋቸው።

ፎቶው ብዥ ያለ ነበር። ከዚያ ላይ ተነሥቼ ግን ሥዕል ሠራሁበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው የፈጀብኝ። ውሃው ላይ የሰማዩን ጥላ አደረግሁ። የእናቴን ሰማያዊ የራስ ሻሽ፣ የአባቴን ጭቃ የጠጣ ቁምጣ፣ ሁሉንም። ጋሽ ደምሴ እንኳ አንድ ቀን መነጽሩን አውልቆ አይቶ «ይሄስ ሥራ ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይህን ያህል ከወጣ ብዙ ነው።

አቶ ፈንታሁን የመጣው በጥር ነው። ድሮ ከብት ነጋዴ ነበር። ሩዙ ሜዳውን ሁሉ ሲወስደው ከብቱን ትቶ የሩዝ መፈልፈያ ተከለ። ለሆነ ጨረታ ወረቀት ኮፒ ሊያስደርግ ገብቶ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እናቴ።»

«ፎቶ ነው?»

«ሥዕል ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«በዚች?» አለና ማውዟን እንደ ጫጩት በሁለት ጣቱ አንሥቶ አያት። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስንት ትያለሽ?»

«ምኑን?»

«ሥዕሏን ነዋ! ኬሻየ ላይ ላትማት ነው። ሩዜ ነጭ ነው፣ የእናትሽም ጥርስ ነጭ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይገባዋል።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። ሥራዬን ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልግ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። ባሕር ዳር ሄጄ የዲዛይን ኮርስ የመማር ሐሳብ ነበረኝ፤ ከወረታ መውጣት እፈልግ ነበር። ሥዕሉ መውጫዬ መሰለኝ።

አቶ ፈንታሁን ሦስት ቀን ተመላለሰ። መጀመሪያ ቀን አጣጣለው። «ፎቶ አንሺ ቢጠራ በአምስት ደቂቃ ያነሣት የለም እንዴ?» አለ። «ጥራዋ» አልሁት። «ከፈለግህ አንተው ጭቃ ውስጥ ቁምና ሳቅ።» ተናዶ ወጣ። ጋሽ ደምሴ «ደንበኛ እንዲህ አይባልም» ብሎ ተቆጣኝ። እንዲህ ነኝ፣ አፌ ይቀድመኛል።

በሁለተኛው ቀን ተመልሶ እንደ ከብት ነጋዴ ዞሮ ዞሮ አየው። ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ፣ አንገቱን አዘነበለ። «አንድ ነገር አለ» አለ። «ይሄ የወደቀው ሰውየ ይውጣ።»

«አባቴ ነው።»

«ይሁን፤ እግዜር ያክብረው። ግን ጭቃ ውስጥ ሰው የተንከባለለበት ሩዝ ማን ይገዛል? ሴትዮዋ ብቻ ትበቃኛለች።»

አባቴን ማውጣት ቀላል ነበር። ፎቶሾፕ ላይ ሥዕል እንደ ተደራረበ ቀጭን ወረቀት ነው። ውሃው በአንዱ፣ እናቴ በአንዱ፣ አባቴ በአንዱ። ከየወረቀቱ ጎን ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፤ የአባቴን ወረቀት ዓይኑን ጨፈንሁት፤ ጠፋ። የጠፋበትን ቦታ በሩዝና በውሃ ሞላሁት። እናቴ ብቻዋን ቀረች። አቶ ፈንታሁን «እንዲህ ነው እንጅ!» አለ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ጓዳ ጠራኝ። «ጠቅልለሽ እንዳትሸጪ» አለኝ በሹክሹክታ። «ለኬሻ ብቻ፣ ለዚህን ያህል ዓመት ብለሽ ስጪው። ዓመቱ ሲሞላ መብቱ ወዳንቺ ይመለሳል። አዲስ አበባ የሚሠራው እንዲህ ነው።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እዚህ ወረታ ነው» አልሁት። «በሬ ለሁለት ዓመት ብሎ የሸጠ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እሱም እጁን አወናጭፎ ተወኝ።

እሑድ ቁሐር ወረድሁ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም ነበር። አባቴን ከበረቱ ደጃፍ የተበጠሰ ገመድ ሲገምድ አገኘሁት። ነገሩን ነገርሁት። ሥዕል በኮምፒውተር መሥራቴን ያውቃል፤ መሸጡ ግን አስገረመው።

«እኔስ አለሁበት?»

«አወጡህ አባየ። ጭቃ ነህ አሉ።»

ሳቀ። «እውነታቸውን ነው።» ትንሽ ገመደና «ለእናትሽ ነግረሻታል?» አለኝ።

«እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት። ፊቱ የሷ ነው።» ከዚያ ገመዱን ወደ እኔ ዘረጋው። «ስትሸጭ ግን ገመዱን አትስጭ።»

የአባቴን ልማድ አውቃለሁ። በሬም ይሁን ጊደር ሸጦ ሲመለስ ገመዱን ፈትቶ በትከሻው አንግቶ ነው የሚመጣው። ገዢው የራሱን ገመድ ያመጣል። ገመዱ አብሮ ከሄደ ከቤቱ ከብት ይነጥፋል ይላል። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሜዳው ላይ ያለ ገበሬ ሁሉ እንደዚያው ነው።

«ሥዕል ገመድ የለውም አባየ።»

«ሁሉም ነገር ገመድ አለው ልጀ። ፈልጊው።»

መንገድ ላይ ሳስበው ቆየሁ። አገኘሁትም። የተደራረበው ፋይል ነው ገመዱ። ለገዢው የተጨፈለቀውን፣ አንድ ወረቀት የሆነውን እሰጠዋለሁ፤ ያኛው፣ ሁሉም ያለበት፣ እኔ ዘንድ ይቀራል። በዚህ ብልሃቴ ተደስቼ እናቴን ሳልጠብቃት ባጃጅ ይዤ ተመለስሁ። ሳልነግራት።

ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። አቶ ፈንታሁን ሁለት ምስክር ይዞ ገባ። እኔ የሁለት ወይፈን ዋጋ ጠየቅሁ፤ እሱ የአንድ ጥጃ ሰጠኝ። ስንሳሳብ ቆይተን በአንድ ተኩል በሬ ተጨባበጥን። ገመዱን ነገርሁት፤ ማለት የተደራረበውን ፋይል እንደማልሰጥ። ከት ብሎ ሳቀ። «የማን ልጅ እንደሆንሽ አሁን ገባኝ። ገመድ ለምኘ አላውቅም፣ ሥዕሉን ስጭኝ» አለ።

«በይ ውሉን ጻፊ» አለኝ ቀጥሎ።

የሥዕል ውል አይቼ አላውቅም። ያለኝ የበሬው ነው። እሱን ከፈትሁና «በሬ» የሚለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ «ሥዕል» አደረግሁት። እኔ ሻጭ ሥዕሌን ሸጫለሁ ሆነ። ገዢ ከዛሬ ጀምሮ ቢያርስበት፣ ቢሸጠው፣ ቢለውጠው፣ ቢያርደው መብቱ ነው የሚለው ግን እንዳለ ቀረ። አይቸዋለሁ። ሥዕል ማን ያርዳል ብዬ ሳቅሁና ተውሁት። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ይገባኛል ባይ ተከራካሪ ቢመጣ እኔ ሻጭ ተከራክሬ እመልሳለሁ» ይላል። ያንንም ተውሁት። ስንት መቶ ጊዜ ጽፌው ትርጉሙን አንድም ቀን አስቤው የማላውቅ ዓረፍተ ነገር ነው።

ፈረምሁ። ምስክሮቹ ፈረሙ። ሥዕሉን በሲዲ ሰጠሁት።

በሚያዝያ አባቴ ታመመ። መጀመሪያ ወባ ነው አልን፤ አልነበረም። ባሕር ዳር ወሰድሁት። የሥዕሉ ገንዘብ ያለቀው እዚያ ነው፤ ስለዚህ አልቆጭም። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። አባቴ ግን በእግሩ እንደ ሄደ በእግሩ አልተመለሰም። ቁሐር ሚካኤል ቀበርነው።

እናቴ ፀጉሯን ተላጨች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። አንድ ቀን ድምፅ አውጥታ አለቀሰችና ከዚያ በኋላ ዝም አለች። እኔም እዚያው ሰነበትሁ። ስለ ኬሻው፣ እመኑኝ፣ አንድም ቀን አላሰብሁም።

የአርባው ተዝካር ዋዜማ ነው። ዘመድ አዝማድ ማገዣ ይዞ ይመጣል፤ ማን ጤፍ፣ ማን በግ፣ ማን ሩዝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከወረታ በኩል አህያ እየነዳ ብቅ አለ። በአህያይቱ ግራና ቀኝ ሁለት ኬሻ ሩዝ ተንጠልጥሏል። አዲስ ኬሻ ነው፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ።

በግራም በቀኝም እናቴ ትስቃለች።

አህያይቱ ስትራመድ ኬሻው ይነቃነቃል፤ ሳቁም አብሮ ይነቃነቃል። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ተጠቃቀሱ። ከዚያ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ለጎረቤቷ «የሐዘን ጥርስ እንዲህ ነው እንዴ የሚነጣው?» ስትል ሰማኋት። ሌላዋ «ባሏ አርባው ሳይወጣ በየገበያው ትገለፍጣለች» አለች። አጎቴ ምንም አልገባውም። «እኔ ሩዙን ነው የገዛሁ፣ ኬሻውን ማን አየው?» እያለ ግራ ቀኙን ያያል።

እናቴ ከድንኳኑ ወጣች። ወደ አህያይቱ ሄደች። ኬሻው ላይ ያለውን ሻሽ በጣቷ ነካችው፤ ያንን ሻሽ ታውቀዋለች፣ አባቴ ነው የገዛላት። ከዚያ ጣቷን ኬሻው ላይ ካለው ፊቷ አጠገብ ወዳለው ባዶ ውሃ ወሰደች። አባቴ ወደ ነበረበት ቦታ።

«እሱስ?» አለች።

ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር።

«ያን ቀን ብቻየን አልነበርሁም» አለች እናቴ። «በሱ ነው የሳቅሁ። ብቻየን የምስቅ ዕብድ አስመሰልሽኝ።»

ከዚያ ኬሻዎቹን አስወርዳ ሩዙን ወደ ጎታ አስገለበጠች። ተዝካሩ ወጣ። ከዚያች ቃል ሌላ አልተናገረችኝም።

በማግስቱ ወረታ ገብቼ ቀጥታ ወደ መፈልፈያው ሄድሁ። ማሽኑ ይጮሃል፣ ገለባው እንደ ጉም አየሩን ሞልቶታል። በመጋዘኑ ግድግዳ ጥግ እስከ ጣራው ድረስ አዲስ ኬሻ ተቆልሏል። እናቴ በእናቴ ላይ፣ እናቴ በእናቴ ላይ። የጭነት ሠራተኞቹ ክምሩ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ።

«ይህን ኬሻ አቁም» አልሁት አቶ ፈንታሁንን።

«እንደት አድርጌ?»

«እናቴ ሐዘን ላይ ናት።»

«ሰምቻለሁ፣ ቀብሩ ላይም ነበርሁ። አልቅሻለሁ፣ አይተሽኛል።» እውነቱን ነው፣ አይቸዋለሁ። «ግን ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ታትሞ የመጣ ነው። ላቃጥለው?»

«አቃጥለው።»

«ሂሳቡን አንች ትችይዋለሽ?»

ሰደብሁት። ምን እንዳልሁት አልጽፈውም። እሱ ቢሮው ገብቶ ውሉን አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«እዚች ላይ አንብቢልኝ እስኪ።»

ተከራካሪ ቢመጣ እኔ ሻጭ ተከራክሬ እመልሳለሁ። አነበብሁለት።

«ተከራካሪዋ መጣች» አለ አቶ ፈንታሁን። አላሾፈብኝም፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። «ተከራካሪዋ እናትሽ ናት። በውላችን መሠረት ሂጅና ተከራክረሽ መልሻት።»

ከዚያ ቤት እንዴት እንደ ወጣሁ አላስታውስም። ጋሽ ደምሴ ዘንድ ስደርስ «አላልሁሽም ነበር?» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበሩን ለቀቀልኝ። ፍላሽ ዲስኬን ሰካሁና ገመዱን፣ ያንን የተደራረበ ፋይል ከፈትሁ። የተጨፈነችውን የአባቴን ወረቀት ገለጥሁ። አባቴ ከጭቃው ውስጥ እጁን ዘርግቶ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት። በቀብሩ እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም።

አትሜ ያዝሁት። ሐሳብ መጣልኝ። አባቴን ልመልሰው። አቶ ፈንታሁን ያለውን ኬሻ ይጨርስና የሚቀጥለውን ከአባቴ ጋር ያሳትም። ቢያንስ እናቴ ብቻዋን አትስቅም።

የወላጆቼን የንስሐ አባት አባ ተክሌን ለመንኋቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው፣ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁሐር ሚካኤል ዛፉ ሥር አስቀመጡን። አቶ ፈንታሁን ሳያንገራግር መጣ። እናቴ ከእኔ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

አባ ተክሌ ውሉን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡ። «ገዢ ከዛሬ ጀምሮ ቢያርስበት፣ ቢሸጠው፣ ቢለውጠው፣ ቢያርደው...» ቆሙ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ሥዕሉን ነው የሚያርደው?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አመለጠው። እናቴን ሲያይ ግን ዋጠው።

እናቴ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ጠየቀች። ማንበብ አትችልም። ጣቷን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደችው።

«አንች ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ እማየ።»

«መስመሩ ያምራል» አለችና መለሰችላቸው።

ሰው ሰድቦኝ እንደዚያ አሞኝ አያውቅም።

«እኔ የምለው» አለ አቶ ፈንታሁን፣ «ዕድሜየን ከብት ነግጃለሁ። ሸጦ የጸጸተው ሁሉ ልመልስ ሲለኝ እሽ ብል ኖሮ ዛሬ የሰው በሬ ጠባቂ ነበርሁ። ክፋት የለኝም፣ አባታችን። ሐዘን መኖሩን ሳላውቅ ነው ያሳተምሁት። ባሏ ሳይሞት ትስቅ የነበረች ሴት ናት፣ ምን ነውር አለው?»

«ነውሩን የሚያውቅ የለበሰው ነው» አሉት አባ ተክሌ።

የያዝሁትን ወረቀት መካከል ላይ ዘረጋሁት። «ይህን አትምልኝ» አልሁት። «አሁን ያለው ኬሻ ሲያልቅ በዚህ ተካው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ሁሉም አጎንብሰው አዩት። አባቴ ከጭቃው ውስጥ እጁን ዘርግቷል፤ ጢሙ ብቻ ነጭ ነው። እናቴ በሱ ትስቃለች። አንዱ ሽማግሌ «ነፍሱን ይማረው፣ ልክ እንዲህ ነበር እኮ» አለ። አቶ ፈንታሁን ብዙ አየው። መጀመሪያ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ግን አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ። አወቅሁት። ነጋዴው ተነሣበት።

«ይሄ ከዚያኛው ይበልጣል» አለ። «ያኔ ተሳስቻለሁ። ሰው ይሄን ሲያይ ይስቃል፤ የሳቀ ሰው ይገዛል። እንዲያው በነጻ አልወስድም። ሙሉ በሬ፣ የደለበ በሬ ዋጋ እከፍላለሁ። ዘለዓለም ስሙ ሲነሣ ይኑር።»

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በራ። ዕርቅ ከነገንዘቡ መጣ። አባ ተክሌም «መልካም ሐሳብ ነው» አሉ። እኔስ? አፌ «እሽ» ሊል ተከፍቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ልዋሻችሁ ስላልፈለግሁ ነው። ባሕር ዳር፣ ኮርሱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዓይኔ ላይ መጣ።

እናቴ ተነሣች። ወረቀቱን ከመካከል አነሣችው፤ አራት ቦታ አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ ገመዱ ነው» አለች። «ገመድ አይሸጥም።»

ለካ አባቴ ነግሯት ኖሯል። መሸጤን፣ ገመዱን፣ ሁሉን ነግሯታል፤ እኔ ራሴ እስክነግራት ስትጠብቅ ነበር። ከጥር ጀምራ ስትጠብቀኝ።

አቶ ፈንታሁን ተከራክሮ የማያውቀው ነገር ቢኖር እሱ ነው። ከብት ነጋዴ ሆኖ ገመድ ስጡኝ ብሎ የሚሟገት የለም። ባርኔጣውን አወለቀ። «እውነታቸውን ነው» አለ።

«ኬሻውስ?» አሉ አባ ተክሌ። «ከዚህ በኋላ የሚታተመውስ?»

«ልጄ ሸጣዋለች» አለች እናቴ። «ውል አፍራሽ ሲሏት አልሰማም። ያምርበት፣ ያትም። ተከራካሪ የለም ብላችሁ ጻፉ።»

ጻፉ። እኔን ነው ያጻፉኝ፤ ከመካከላችን እጅ ጽሕፈቱ የሚያምር እኔ ነበርሁ።

ቤት ስንገባ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችኝም። ወረቀቱን ከሳጥኗ ግርጌ አኖረችው። እስከ ዛሬ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አንሥታብኝ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። አንድ ነገር አስቋት ሳቋ ሲመጣ ነጠላዋን ወደ አፏ ታነሣለች። ሐዘን ከወጣችም በኋላ፣ ፀጉሯ ካደገም በኋላ፣ እንደዚያው ናት።

በዓመቱ ሐምሌ፣ በዶፍ ዝናብ፣ ከባሕር ዳር በሚኒባስ እመጣ ነበር። ኮርሱን በሌላ መንገድ፣ በራሴ ጉልበት ጀምሬ ነበር። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። ሰዎች በወንፈል አረም ላይ ናቸው፤ አሥራ አምስት ይሆናሉ፣ ተሰልፈው አጎንብሰዋል። የኛ አገር ገበሬ ዝናብ ሲመጣ የኬሻን አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አስገብቶ እንደ ቆብ ይደፋዋል፤ ጀርባውን እስከ ወገቡ ይሸፍንለታል። ሁሉም የደፉት የአቶ ፈንታሁንን ኬሻ ነው። አሥራ አራት ጀርባ ላይ እናቴ ወደ ሰማይ ትስቃለች። ዝናቡ ጥርሷ ላይ ይወርዳል።

ከሰልፉ ጫፍ ላይ አንዷ ኬሻዋን ገልብጣ ነው የለበሰችው። ጽሑፍ የለበት፣ ሥዕል የለበት፣ ነጭ ብቻ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህሁ።

ጫማዬን አውልቄ በድንበሩ ላይ ሮጥሁ። መጨረሻው ላይ እግሬ ከዳኝና በጀርባዬ ጭቃው ውስጥ ተዘረጋሁ፤ ልክ እንደ አባቴ። እናቴ ቀና አለች። አየችኝ። ሳቋ ሲመጣ አየሁት፣ ከዓይኗ ጀምሮ ሲመጣ። ወዲያው ጭቃ የነካ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሌላኛውን እጇን ዘርግታ ሳበችኝ። «ምነው እንደ አባትሽ» አለች ከእጇ ሥር።

አሁን በሥዕል ነው የምኖረው። ውል ስፈርም እያንዳንዷን ቃል አነባለሁ፤ ለኬሻ ብቻ፣ ለዚህን ያህል ዓመት እላለሁ፣ ፊቱ የማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ጎበዝ ተደራዳሪ ይለኛል። ደስ አይለኝም። አቶ ፈንታሁንን መጥላትም አልቻልሁም፤ የሸጥሁለትን ነው የወሰደ።

እናቴ ደህና ናት። ግን ከዚያ ወዲህ ጥርሷን አሳይታኝ አታውቅም። ማየት ስፈልግ ገበያ እወርዳለሁ።